ፓሽቶ የበዛበትን የእንግሊዝኛ ልብወለድ በእርሳስ ማንበብ

ደሴ ሰኞ ገበያ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ስለ አፍጋኒስታን የተጻፈ የእንግሊዝኛ ልብወለድ አለ። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ተውኩት። እንግሊዝኛው አልነበረም የከበደኝ። በየገጹ ጋደም ብለው የተጻፉት ቃላት ናቸው ያንገላቱኝ። ጂርጋ፣ በደል፣ ናናዋቴ። የፓሽቶ ቃላት ናቸው፤ ፓሽቶ የአፍጋኒስታን ፓሽቱኖች ቋንቋ ነው። አሁን መላ አግኝቼላቸዋለሁ።

መጀመሪያ እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ አይሆንም። አዲስ ቃል ባያችሁ ቁጥር ወደ ስልካችሁ አትሩጡ። ሦስት ቦታ እስኪደጋገም ጠብቁና ዳር ላይ በአማርኛ ጻፉት።

ጂርጋን መዝገበ ቃላት «የሽማግሌዎች ጉባኤ» ይለዋል። ጉባኤ ሲባል ለእኔ የሚታየኝ ማይክና አበል ነው። ልጅ ሆኜ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ፣ አያቴ ቀዬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አበጋሮች፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል። የሁለት ቤተሰብ ደም እያደረቁ ነው። እጅ አውጥቶ ድምፅ የሚሰጥ የለም፤ ሁሉም እሺ እስኪል ይወራል። ፓሽቱኖችም ክብ ሠርተው፣ ተስማምተው ነው የሚነሡት። ዳር ላይ «አበጋር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ፈሰሰልኝ።

በደል ላይ ተጠንቀቁ። ጆሯችሁ የኛን በደል ይሰማል፤ እንዳትሸወዱ። ሥሩ ዐረብኛ ነው፣ ልውውጥ ማለት። እንግሊዝኛው «በቀል» ብሎ ያልፈዋል። ያ ግማሹ ነው። ሁለት ቤተሰቦች ሴት ልጅ ተለዋውጠው ሲጋቡም ስሙ ይኸው ነው። እኛስ «ብድሩን መለሰ» ስንል ውለታም ቂምም ይሆን የለ? እኔ «ብድር» ብዬዋለሁ።

የቦታና የሰው ስም ሲመጣ በትኑት። ስፒን ነጭ፣ ቶር ጥቁር፣ ሎያ ትልቅ፣ ጋር ደግሞ ተራራ ነው (ከእሱ ጋር የምንለው አይደለም)። ስፒን ጋር፣ ነጭ ተራራ። ያው ተራራ ሳፌድ ኮህ ተብሎም ይመጣል፤ እሱ ፋርስኛ ነው። ከአፍጋኒስታን የመጣ ቃል ሁሉ ፓሽቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የካሌድ ሆሴኒ «ዘ ካይት ራነር» ውስጥ እንኳ አብዛኞቹ ዳሪ፣ የአፍጋኒስታን ፋርስኛ፣ ናቸው። ዛይ ዘር ነው፤ ዩሱፍዛይ የዩሱፍ ዘር። ይህቺ ለወሎ ሰው ቀላል ናት። ወረ ሂማኖ፣ ወረ ባቦ ስንል ኖረናል። እኛ «ወረ»ን ከፊት፣ እነሱ «ዛይ»ን ከኋላ።

ናናዋቴ ግን አስቸግሮኛል። «ጥገኝነት» ይሉታል። በዳዩ የተበዳዩ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ደጃፉን አልፎ ገብቶ ማሩኝ ይላል። እንዲህ የገባን ሰው መመለስ ለባለቤቱ ውርደት ነው። መጀመሪያ «ድንጋይ መሸከም» ብዬ ጻፍኩ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ግን ደጅ ቆሞ ነው የሚለምነው። ላጲስ አነሣሁ። «እግር ላይ መውደቅ» አልኩ። እሱንም አጠፋሁት። ወረቀቱ እዚያች ቦታ ላይ ሳስቷል።