አዞላ በጓሮ ገንዳ፦ አዘገጃጀትና እንክብካቤ

አዞላ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ፈርን (አበባ የማያወጣ ተክል) ነው፤ ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ ለዶሮ ይሰጣል። ቅጠሉ ውስጥ የሚኖረው ሳያኖባክቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ስለሚሰጠው ዩሪያ አያስፈልገውም፤ ዩሪያ ብትጨምሩ የሚፋፋው አልጌው ነው። የሚያጥረው ፎስፈረስ ነው። አብዛኛው ገንዳ የሚከስመውም በዚሁ ሰበብ ነው።

ርዝመቱ 2፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ወለሉን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ሥርና ጠጠሩን ለቅማችሁ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ ጠርዙን በድንጋይ አስይዙ። ከ10 እስከ 15 ኪሎ የተነፋ ለም አፈር አልብሱት። 2 ኪሎ ትኩስ እበትና 30 ግራም ሱፐር ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ) በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፤ ከዚያ ውሃው 10 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ሙሉ። ለዘር የሚሆን ግማሽ ኪሎ ሕያው አዞላ በትኑና ከላይ ውሃ እርጩበት፤ የተገለበጠው ይቃናል።

ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይስማማዋል። የቀትር ፀሐይ እንዳይመታው ከዛፍ ሥር ወይም ከዳስ በታች ይሁን።

ቀይ ሲሆን ቶሎ አትደንግጡ፤ ቆንጥራችሁ አውጡና ሥሩን እዩ። መጠኑ ሳይቀንስ ላዩ ብቻ ከቀላ ፀሐይ ወይም ብርድ ነው። ተክሉ ኮስሶ ሥሩ ከወትሮው በጣም ከረዘመ ግን ፎስፈረስ አጥቷል። ለዚህ ነው በየ5 ቀኑ 20 ግራም ሱፐር ፎስፌትና 1 ኪሎ እበት የሚጨመረው። አመድ አትጨምሩ፤ አዞላ የሚወደው ትንሽ አሲድነት ያለው ውሃ ነው።

በየ10 ቀኑ ሩቡን ውሃ ቀይሩ፤ የወጣው ለጎመን ማጠጫ ይሆናል። በወር አንዴ 5 ኪሎ አፈር ለውጡ።

ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ገንዳው ይሸፈናል። ያኔ በየቀኑ ልቀሙ፤ ከተመቸው እስከ ግማሽ ኪሎ ይሰጣል። ካልተለቀመ ተደራርቦ የታችኛው ይበሰብሳል፣ ይሸታል። ትል ቅጠሉን በድር አያይዞ ሲበላ ካያችሁ ያንን ክፍል አውጥታችሁ ጣሉ እንጂ መድኃኒት አትርጩ፤ አዞላውን ዶሮዎች ይበሉታልና።

ለዶሮ ከመስጠታችሁ በፊት በባልዲ ላይ በወንፊት እጠቡት፤ የእበቱ ሽታ ይለቃል፣ በወንፊቱ ያመለጠው ደቃቁ ደግሞ ለዘር ወደ ገንዳው ይመለሳል። ከመኖው ጋር ቀላቅላችሁ በጥቂቱ አስለምዷቸው። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ መኖን አይተካም።

እጣቢውንም ሆነ ትርፉን ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትድፉ። እምቦጭ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል፤ አዞላም በተኛ ውሃ ላይ ፈጥኖ ይንሰራፋል።