ነጥበ ፍሌትን በጎንደር ክፍል ውስጥ ማስተማር
የመማሪያ መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ቢልም፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጎንደር ግን ቴርሞሜትሩ 93 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል። መምህሩ ይህን አስቀድሞ ከመናገር ይልቅ፣ ተማሪዎቹ ግምታቸውን በደብተራቸው ከጻፉ በኋላ ውኃ ጥዶ፣ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ግርጌ ሳይነካ በየደቂቃው ንባቡን እንዲመዘግቡ ያድርግ። ንባቡ መጨመሩን ሲያቆም ብዙዎቹ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለታቸው አይቀርም፤ እኔ ከትምህርቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ፣ ውኃም የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል መሆኑን ያስረዳ። ቀጥሎም ባቄላ ከቆላማዋ መተማ ይልቅ በጎንደር ዘግይቶ የሚበስለው ለምን እንደሆነ ይጠይቃቸው። ምድጃው ዘንድ ግን ከሁለት ተማሪ በላይ አይቁም።