ሐዋሳ ላይ ግቢ ስትሠሩ መጀመሪያ ዝናቡን ተከተሉ

ግቢ እንዳሳምርለት የሚደውል ሰው ብዙ ጊዜ ፎቶ ይልክልኛል። ቴሌግራም ላይ ያየው የዱባይ ቪላ ነው፤ ፓልም፣ ነጭ ጠጠር፣ የሚያበራ ሴራሚክ። እኔ ደግሞ «ዝናብ ሲጥል ጥራኝ» እለዋለሁ። የቀለድኩ ይመስለዋል። ግን ሐዋሳ ላይ ቤትና አረንጓዴ ተስማምተው እንዲኖሩ ከአበባ ምርጫ በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ፤ ከጣራችሁ የሚወርደው ውሃ የት ይገባል?

ነገሩ ከሐይቃችን ይጀምራል። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የከተማው ጎርፍም ይገባበታል። በገሃድ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ውሃው በአብዛኛው ይተናል። ደለሉ፣ ፌስታሉና የሳሙናው እጣቢ አይተኑም፤ እዚያው ይቀራሉ። ጨለለቃን አስቡ። ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ደለል እየሞላው ረግረግ ሆኗል። ስለዚህ ከበራችሁ ወደ ቦይ የለቀቃችሁት ውሃ ሄደ ብላችሁ አትገላገሉትም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ስትበሉ ታገኙታላችሁ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣራችሁ 100 ካሬ ከሆነ፣ 20 ሚሊ ሜትር የጣለ ዕለት 2,000 ሊትር ይወርዳል። ትልቅ ሮቶ ሞላ ማለት ነው። ሐዋሳ በአማካይ በዓመት ከ900 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለምታገኝ፣ የዓመቱን እናንተው አባዙት።

ይህን ውሃ የሚቀበል ጎድጎድ ያለ መደብ ሥሩ። ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ያንን 2,000 ሊትር ይይዛል። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከአጥሩ ደግሞ አንድ ሜትር ይራቅ። ሴፕቲክ ታንክ አጠገብ ፈጽሞ አይሁን። ከአሸንዳው የሚወርደውን ውሃ በድንጋይ በተደለደለ ትንሽ ቦይ ምሩት። የሚወድቅበት ቦታ ላይም ደህና ደህና ድንጋይ አስቀምጡ፤ አለዚያ አፈሩን ይቦረቡረዋል። በአንዱ ጫፍ ዝቅ ያለ ማስተንፈሻ ይኑረው። ዶፍ የጣለ ቀን ትርፉ ወደ መንገዱ ቦይ ይሂድ እንጂ ወደ ሳሎን አይመለስ።

ከመቆፈራችሁ በፊት ግን አፈሩን ፈትኑት። 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። ሲመጠጥ ድጋሚ ሙሉትና ሰዓት ያዙ። በሰዓት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ ይበቃል፤ የሞላ መደብ በአንድ ቀን ውስጥ ይደርቃል። እዚህ አካባቢ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የተቀላቀለበት አፈር ብዙ ነው፣ ቶሎ ይጠጣል። ሐይቁ አጠገብ ያላችሁ ስትቆፍሩ ውሃ ከታች ከመጣ መደቡን ተዉት። ለእናንተ ሰፋ ያለ ሣር ይሻላል።

«ትንኝ አይራባም ወይ?» የማይል ደንበኛ የለኝም፤ ወባ ባለበት ከተማ ተገቢ ጥያቄ ነው። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር ሳምንት ያህል ያስፈልጋታል። በሁለት ቀን የሚደርቅ መደብ ጊዜ አይሰጣትም። እንዲያውም ከቤቱ ጀርባ ያለውን ክዳን የሌለው በርሜል እዩት።

መደቡ ውስጥ ቄጤማ፣ ዳሩ ላይ ሰርዶ ትከሉ። ለበዓል የሚጎዘጎዝ ቄጤማ ከገበያ መግዛትም ይቀርላችኋል።

አንዲት እናት «ልጄ፣ ጭቃ ሰልችቶኛል፤ ሁሉንም ሊሾ አድርጊልኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። «እማዬ፣ ጭቃ የሚሆነው ባዶው አፈር ነው፤ ሣር ያለበትማ መቼ ጭቃ ይሆናል» አልኳቸው። ከበር እስከ ደጃፍ ያለውን መሄጃ ብቻ ጠንካራ አደረግን። መኪና ማቆሚያው ላይ ደግሞ ጎማ የሚረግጣቸው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት መስመሮች ተነጠፉ፤ መሀሉ ሣር ሆነ። ኮብልስቶን የምትወዱ አሸዋ ላይ አስነጥፉት፣ ክፍተቱንም በአሸዋ አስሞሉት። ክፍተቱን በሲሚንቶ የሚያስደፍን ሰው ለምን ኮብልስቶን እንደሚገዛ አይገባኝም። ቀጥታ ኮንክሪት ይርከሰዋል።

ምን ያህሉ አፈር ይሁን? ለከተማ ፕላን የሚነገር መርህ አለ፤ 40 በመቶ ለግንባታ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ። የወጣው ለከተማ ቢሆንም እኔ ለግቢም እጠቀምበታለሁ። 200 ካሬ ላይ 60 ካሬ አፈር ማለት ነው። ሁሉም አይችልም። ከ40 ካሬ በታች ከወረደ ግን ዛፍና መደብ ስለማይበቃቸው አንዱን ምረጡ እላለሁ።

አሁን ወደ ዛፍ። ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ነው። የከሰዓት ፀሐይ የምታቃጥለው ከዚያ በኩል ነው፤ ከሰዓት ደስ የሚለው የሐይቅ ነፋስም ከዚያው ይመጣል። ጥበቡ ፀሐይዋን ከልክሎ ነፋሱን ማስገባት ላይ ነው። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ቁመቱ ዘለግ የሚል ዛፍ ትከሉ፤ ዋንዛ፣ ግራቪሊያ ወይም ጃካራንዳ። ከቤቱ 4 ወይም 5 ሜትር ይራቅ። እያደገ ሲሄድ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ቀስ በቀስ እያነሳችሁ ከስሩ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ፍጠሩ። በዚያ በኩል ያለውን አጥርም እስከ ላይ በብሎኬት አትዝጉት። ታች አንድ ሜትር ብሎኬት፣ ከላይ ፍርግርግ ብረት በቂ ነው። ሌባ የምትፈሩ አላችሁ። አንዴ ከዘለለ በኋላ ከመንገድ የማይታይ ሌባ ግን ይብሳል።

ሾላና ዋርካ አዲስ አትትከሉ፤ 200 ካሬ አይበቃቸውም፣ ሥራቸውም ከመሠረትና ከቱቦ ጋር ይጣላል። ቀድሞ የበቀለ ካለ ግን በእግዚአብሔር፣ አትቁረጡት። ሐይቁ ዳር ጉሬዛና ጦጣ የምናየው እነዚህ ትልልቅ ዛፎች ስለቀሩ ነው። ፕላኑ ገና ወረቀት ላይ እያለ ቤቱን ሁለት ሜትር ማንሸራተት ምንም አያስወጣም። ከዚያ ግንባታው ሳይጀመር ከዛፉ ጥላ ዳር ዳር በቆርቆሮም በሽቦም እጠሩ። ምግብ የሚያመጡለት ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ያሉት ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ሠራተኛ ደግሞ ጥላ ይወዳል፤ ሲሚንቶ የሚያቦካው፣ ብረት የሚቆልለው፣ ሲኖትራክ አሸዋ የሚገለብጠው እዚያው ነው። ዛፉ ወዲያው አይሞትም። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ከጫፉ ይደርቅና «አርጅቶ ነው» ይባላል። ግንዱ ላይ ከመሠረት የወጣ አፈር መቆለልም ያው ነው። ይህን ከፎርማኑ ጋር መጀመሪያ ቀን ተነጋገሩ።

እንሰትን የገጠር ነው ብለው የሚያስነቅሉ ሰዎች ያስገርሙኛል። በሲዳማ ምድር ከቤት ጓሮ እንሰት የነበረው ለምግብ ብቻ አይደለም፤ ሰፊ ቅጠሉ አፈሩን ያቀዘቅዛል። ከፓልም ይልቅ ከጓሮ አምስት ስድስት እንሰት ባይ እመርጣለሁ። አቮካዶም ጥሩ ነው። ሐይቁ አጠገብ ከሆናችሁ ማንጎውን ከጦጣ ጋር እንደምትካፈሉት ግን እወቁ።

ችግኝ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ትከሉ። ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጡና ሥሩ ዘንድ መልሱት። ፕላስቲኩን አውልቁ፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ስንት ችግኝ ነቅያለሁ።

ታቦርና አላሙራ ተራሮች ሥር ያላችሁ ሥራችሁ የሚጀምረው ከግቢው የላይኛው ጫፍ ነው። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይ እርከን አዘግዩት፤ ዳሩን በቬቲቨር ሣር ያዙት። ከአጥራችሁ ውጪ መንገድ ዳር ለመትከል ደግሞ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ፤ የውሃ ቱቦና የመብራት መስመር የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዛፍ ዙሪያ ስታስነጥፉ አንድ በአንድ ሜትር ባዶ አፈር ተዉለት።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ አሸንዳውን ጥረጉ፣ መደቡ ውስጥ የተኛውን ደለል በአካፋ አንሱ። የልብስ እጣቢ መደቡ ውስጥ አይግባ። ሙዝ ሥር አፍስሱት፤ ሙዝ ውሃ አይጠግብም። በረኪና ያለበትን ግን ለሙዙም አትስጡት፤ እሱ ወደ ሴፕቲክ ይሂድ።