ዊንዶውስ አልጫን ሲል፦ ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው በተገጣጠሙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ፓወር ሰፕላዩን ለየብቻ ገዝቶ ለገጣጠመ ወይም ለሌሎች ለሚገጣጥም ሰው ነው። ማሽኑ እንደሚበራ፣ የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገጽ እንደሚታይ፣ የስክሪኑ ገመድ ከማዘርቦርዱ ሳይሆን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር እንደተገናኘ፣ በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ሥር ያለው መከላከያ ፕላስቲክ እንደተላጠ አስቀድሞ የታየ አድርጌ እወስዳለሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ችግሮች ብዙ ቢመስሉም አብዛኞቹ አጭር መፍትሔ አላቸው። አንዱ ግን ደጋግሞ የሚመጣ፣ በመጣ ቁጥርም ያለጥፋቱ በሌላ ዕቃ ላይ የሚላከክ በመሆኑ ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለእሱ ነው።

ዲስኩ ባዮስ ላይ ይታያል፣ በመጫኛው ዝርዝር ውስጥ ግን የለም

ይህ ምልክት 11ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ የወጡ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ባሏቸው ማሽኖች ላይ የተለመደ ነው። መንስኤው ቪኤምዲ የሚባለው የባዮስ ምርጫ በርቶ መገኘቱ ነው፤ ሲበራ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዲስክ በኢንቴል መቆጣጠሪያ ሥር ስለሚገባ፣ የዚያ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) የሌለው መጫኛ ዲስኩን ሊያየው አይችልም። ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ ወደ ሻጩ የሚመለስበት ምክንያት የለም። ሬይድን (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ማሠራትን) ለማይጠቀም ሰው ቀላሉ መፍትሔ ቪኤምዲውን ከባዮስ ማጥፋት ነው። ማጥፋት የማይፈልግ ሰው ድራይቨሩን ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ አውርዶ በመጫኛው ፍላሽ ላይ ይገልብጥና ዲስክ በሚመረጥበት ገጽ ላይ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭኖ ያሳየው። የወረደው ፋይል እንደታሸገ ከተገለበጠ ግን መጫኛው አያነበውም፤ ተፈትቶ ኢንፍ የሚባሉት ፋይሎች በግልጽ መውጣት አለባቸው። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ይህን ምርጫ መቀያየር ማሽኑ በሰማያዊ ስክሪን ላይ እንዲቆም ስለሚያደርግ፣ አንዴ ከተወሰነ በኋላ አይነካ።

ዲስኩ ባዮስ ላይም ካልታየ የማዘርቦርዱን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው። ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ዲስክ ሳታ በሚባለው የቆየ አሠራር የሚሠራ ከሆነ፣ ኤንቪኤምኢ ብቻ በሚቀበል ማስገቢያ ውስጥ በትክክል ይገባል፣ ብሎኑም ይታሠራል፣ ግን አይሠራም።

«በዚህ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ መጫን አይቻልም»

ይህ መልእክት ሲመጣ የመጫኛው ፍላሽ የተነሣው በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የባዮስ አነሣስ) ሲሆን ዲስኩ ደግሞ ከቀድሞ ማሽን የመጣና ኤምቢአር በሚባለው የቆየ አከፋፈል የተከፋፈለ ነው፤ ዩኢኤፍአይ የሚፈልገው ጂፒቲ የሚባለውን አዲሱን አከፋፈል ነው። ሺፍትና ኤፍ10ን አንድ ላይ በመጫን ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ በዲስክፓርት ዲስኩን መምረጥ፣ በ«ክሊን» ማጽዳት፣ በ«ኮንቨርት ጂፒቲ» መቀየር ነው። ትእዛዙ የተመረጠውን ዲስክ ጥያቄ ሳይጠይቅ ባዶ ያደርገዋል። የዲስኮቹ ቁጥር ሁልጊዜ የሰው ግምት እንደሚለው ስለማይሆን መጠናቸውን ሳያነብቡ «ዲስክ ዜሮ» ብለው የመረጡ ሰዎች የዓመታት ፎቶና ሰነድ ሲያጡ አይቻለሁ። ስለዚህ መጫን ከመጀመሩ በፊት ዊንዶውስ ከሚገባበት ዲስክ በስተቀር ሌሎቹ ሁሉ ይነቀሉ። ይህ ሁለተኛ ጥቅምም አለው፦ ብዙ ዲስክ ባለበት ማሽን ዊንዶውስ ማስነሻ ፋይሎቹን በሌላኛው ዲስክ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ከወራት በኋላ ያ ዲስክ ሲወጣ ማሽኑ አልነሣም ይላል፤ ባለቤቱም ምን እንደነካ አያውቅም።

ፋይል ሲገለብጥ ወይም ሲፈታ መሃል ላይ ይቆማል

ዋናው ነገር ይህ ነው። መጫኛው በደንብ ይነሣል፣ ቋንቋ ያስመርጣል፣ ዲስኩንም ያያል፣ መገልበጥ ይጀምራል፤ ከዚያ የሆነ መቶኛ ላይ ሲደርስ ቆሞ አስፈላጊ ፋይል እንደተበላሸ ወይም እንደጠፋ የሚናገር መልእክት ያወጣል። ከመልእክቱ ጋር ብዙ ጊዜ 80070570 የሚል የስህተት ቁጥር አለ። አንዳንዴ መልእክትም የለም፤ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ማሽኑ ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሣል።

መልእክቱ ስለ ፋይል ስለሚያወራ ሰው ሁሉ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ኤስኤስዲው ይመለሳል፣ ሌላ ይመጣል፣ በእሱም ይቆማል። እኔ ጋ ከደረሱት ማሽኖች በአብዛኞቹ ዲስኩ ምንም አልነበረበትም፤ ጥፋቱ የራሙ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት መጫኛው የሚሠራውን መከተል ይበቃል። የዊንዶውስ ፋይሎች ፍላሹ ላይ የተቀመጡት ተጨምቀው ባንድ ትልቅ ማህደር ውስጥ ነው። መጫኛው ከማህደሩ ያነብባል፣ ያነበበውን ራም ውስጥ ይፈታል፣ የተፈታውን ከማህደሩ ጋር ከመጣው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ያስተያያል፣ ከዚያ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ራሙ ውስጥ አንዲት ቢት ብትገለበጥ ቁጥሩ አይገጥምም፤ መጫኛው ደግሞ ስህተቱ የት እንደተፈጠረ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ከማለት ሌላ የሚለው የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ በየጊዜው የሚቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው ወይስ ቦታው ይለዋወጣል? ሁለት ሦስት ጊዜ አስጀምሮ መቶኛውን በወረቀት መመዝገብ ያስፈልጋል። ሁሌም እዚያው ከቆመ ጥፋቱ የፍላሹ ወይም አይኤስኦ የሚባለው የወረደው የመጫኛ ፋይል ነው። አንዴ 14፣ አንዴ 61፣ አንዴ 37 ላይ ከቆመ ወይም መልእክቱ በየጊዜው ከተለያየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሙ ነው። ይህን ሳያጣሩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጀመሪያው ጉዳይ ላይ ብዙ አልቆይም። የአይኤስኦው የሻ256 ቁጥር (ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን የሚያሳይ ማረጋገጫ) አሳታሚው ካወጣው ጋር ይመሳከር፤ ፍላሹ ይቀየር። ግን ስለ ርካሽ ፍላሾች አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተብሎ ታትሞባቸው እውነተኛ መያዣቸው ከ4 የማይበልጥ ፍላሾች ይሸጣሉ። ከ5 ጊጋባይት የሚበልጠው የዊንዶውስ 11 ፋይል ሲጻፍባቸው «ተሳክቷል» ይላሉ፤ ከመያዣው በላይ የተጻፈው ሁሉ ግን የለም፤ መጫኛው እዚያ ሲደርስ ሁሌም እዚያው ይሞታል። ይህን እያወቀ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው። አዲስ ፍላሽ ሲገዛ ሙሉውን ሞልቶ መልሶ በሚያነብብ ፕሮግራም ሳይፈተሽ ለመጫኛነት አይዋል።

አሁን ወደ ራሙ። በራሙ ካርቶን ላይ 3600 ወይም 6000 ተብሎ የተጻፈው ፍጥነት ራሙ እንደተሰካ በራሱ የሚሮጥበት አይደለም። ባዮሱ ምንም ካልተነካ ዲዲአር4 የሚባለው የቀድሞው የራም ዓይነት ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2400፣ አዲሱ ዲዲአር5 ደግሞ በ4800 አካባቢ ይነሣል። የካርቶኑ ፍጥነት የሚገኘው በኢንቴል ኤክስኤምፒ፣ በኤኤምዲ ዲዲአር5 ማሽኖች ደግሞ ኤክስፖ የሚባለው ምርጫ ሲበራ ነው። ይህም ራሙን፣ ማዘርቦርዱንና በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የራም መቆጣጠሪያ ከመደበኛው በላይ ማስሮጥ ነው፤ የዲዲአር4 ቮልቴጅ ከ1.2 ወደ 1.35 የሚያድገው ለዚህ ነው። ሦስቱ ካልተስማሙ ማሽኑ ባዮስ ላይ ሰዓታት ቢቆይ ምንም አይታይበትም፤ ራሙን ከዳር እስከ ዳር የሚጠቀም ሥራ ሲመጣ ይታመማል። በአዲስ ማሽን ላይ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ዊንዶውስ መጫን ነው።

መፍትሔው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ባዮሱን ወደ ነባሪ ቅንብሩ ይመልሱ፤ ኤክስኤምፒው ወይም ኤክስፖው ይጥፋ። መጫኑ ካለቀ መንስኤው ተገኝቷል። ካላለቀ አንድ ራም ብቻ አስቀርተው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ኤ2 በሚባለውና በብዙዎቹ ቦርዶች ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛ በሆነው ማስገቢያ ውስጥ ይሰኩና እንደገና ይሞክሩ፤ ከዚያ በሌላኛው ራም ይድገሙት። በአንዱ ራም ተጭኖ በሌላኛው የሚቆም ከሆነ የቆመበት ራም ተበላሽቷል። በሁለቱም በኤ2 ተጭኖ በቢ2 (በሌላኛው የራም መስመር ማስገቢያ) ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ራሙን ይተዉትና ፕሮሰሰሩን ያንሡ።

ፕሮሰሰሩን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። አንድ ወጣት ያመጣው ማሽን ነበር፤ ሁለት ጊዜ ራም፣ አንድ ጊዜ ኤስኤስዲ ቀይሮ ተስፋ ቆርጧል። ራሙ በኤ2 ብቻ ሲሰካ ዊንዶውስ ያለ ችግር ገባ፤ በቢ2 ሲሰካ ግን አንዴ ይነሣል አንዴ አይነሣም። ማቀዝቀዣውን ስፈታው ከአራቱ ብሎኖች አንዱ እስከ መጨረሻው ተጠብቆ በሰያፍ ያለው ግን ምንም ያህል አልጠበቀም ነበር። ፕሮሰሰሩን አንሥቼ ሶኬቱን በባትሪ መብራት በጎን ሳየው፣ ከረድፉ ጫፍ አካባቢ አንዲት ፒን ከሌሎቹ በተለየ አቅጣጫ ታበራለች፤ ሲገጠም ተጎንብሳለች። በአጉሊ መነጽርና በቀጭን መርፌ ቀና አድርጌ፣ ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቅሁ ጥቂት በጥቂት አጠበቅኋቸው። ሁለቱም የራም መስመሮች ሠሩ። ሲገዛቸው የነበሩት ራሞች ሁሉ ጤነኞች ነበሩ።

ሌላው ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ የራም መደባለቅ ነው። ሰው አንድ ጥንድ ገዝቶ ሲያንሰው ተመሳሳይ ፍጥነት የተጻፈበት ሌላ ጥንድ ይጨምራል፤ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ይስማማል ብሎ ያስባል። ተለያይተው የታሸጉ ጥንዶች አብረው ተፈትሸው አልወጡም፤ አምራቹ ዋስትና የሚሰጠው በአንድ ካርቶን ለመጣው ብቻ ነው። በዲዲአር5 ላይ አራት ራም መሰካት የባሰ ነው፦ ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 የሚያረጋግጠው ፍጥነት ለሁለት ራም 5200 ሲሆን ለአራት ወደ 3600 ይወርዳል። አራት ራም ሰክቶ 6000ን የሚጠብቅ ሰው ራሱ በፈጠረው ችግር ይደክማል። ብዙ ጊጋባይት ከተፈለገ ከመጀመሪያው ትልልቅ ሁለት ራም ይገዛ።

አንድ የመግጠሚያ ጉድለትም አለ፦ ብዙ የዛሬ ማዘርቦርዶች የራም ማስገቢያቸው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚቆለፈው። ቁልፉ «ጭል» ሲል ሰው ገባ ብሎ ይተወዋል፤ ቁልፍ በሌለው በኩል ያለው ጫፍ ግን ግማሽ ሚሊሜትር ቀርቶት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጫፍ እኩል ይጫኑ፤ ከጎን ሲታይ የወርቅማው ጠርዝ መስመር ቀጥ ያለ ይሁን።

ራሙ የተጠረጠረ ማሽን ዊንዶውስ ስለገባለት ብቻ ዳነ አይባልም። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ በሌላ ፍላሽ አዘጋጅተው ቢያንስ አራት ሙሉ ዙር ያስኬዱ፤ ተቀባይነት ያለው የስህተት ብዛት ዜሮ ነው፤ «አንድ ስህተት ብቻ ነው» የሚባል ነገር የለም። የዊንዶውስ የራሱ የራም መፈተሻ ቀላል ስለሆነ በእሱ ንጹሕ ውጤት ብቻ አይርኩ። የራሙ ችግር ሳይፈታ በመከራ የገባ ዊንዶውስም ይጥፋና እንደ አዲስ ይጫን፤ በተበላሸ ራም አልፈው ዲስኩ ላይ የተጻፉት ፋይሎች ዛሬ ባይሆን ከወር በኋላ፣ ባለቤቱ ሥራውን ሁሉ ከጫነበት በኋላ ይገለጣሉ። ኤክስኤምፒው ወይም ኤክስፖው መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ከተጫነ በኋላ ይብራና ፍተሻው ይደገም። ስህተት ካወጣ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ወይም ባዮሱን ማሻሻል ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ባዮሱ በሚሻሻልበት ጊዜ መብራት እንዳይቋረጥ አስቀድሞ ይታሰብበት።

አዲስ ዲዲአር5 ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ይቆያል፤ ራሙን እያጠና ነውና አያጥፉት።

የቀሩት

ዊንዶውስ 11 «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» ካለ ባዮስ ላይ በኢንቴል ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም የሚባለው የደኅንነት ምርጫ ይብራ፤ ሲኤስኤም የሚባለው የቀድሞ አነሣስ ይጥፋ።

መጫኑ ካለቀ በኋላ ኢንተርኔት ጠይቆ የኔትወርክ ካርዱን ካላየ መጫኛው የአዲሱን ማዘርቦርድ ድራይቨር አልያዘም ማለት ነው፤ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን በማጋራት ማለፍ ይቻላል።

እንደገና ሲነሣ ወደ መጫኛው መጀመሪያ ከተመለሰ ፍላሹን ይንቀሉ።

በኤንቪዲያ ካርድ ሊኑክስ ሲጫን ስክሪኑ ከጠቆረ በማስነሻው መስመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» የሚለው ትእዛዝ ይጨመር፤ ከገባ በኋላ የአምራቹ ድራይቨር ይጫንና ትእዛዙ ይወገድ።

በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ማሽን የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ቀኑ በተሳሳተበት ማሽን ላይ ዝማኔም ሆነ የኢንተርኔት ገጽ በትክክል ስለማይከፈት፣ ሌላ ነገር ከመጠርጠር በፊት ባትሪው ይቀየርና ቀኑ ባዮስ ላይ ይስተካከል።