ኮምፒውተራችሁ በየመሃሉ ስታክ ካደረገ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የራሙን ፍጥነት እዩ

ምልክቱ ይህን ይመስላል። ሥራ ላይ እያላችሁ ስክሪኑ ባለበት ይቀራል። ማውሱ አይንቀሳቀስም። ዘፈን ተከፍቶ ከነበረ እዚያችው ድምፅ ላይ ተጣብቆ ይጮኻል። ማጥፊያውን ተጭኖ ከመያዝ ሌላ አማራጭ የለም። ዛሬ ጌም ላይ ነው፣ ነገ ምንም ሳይከፈት። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ማያ) ውስጥ "ከርነል ፓወር 41" የሚል መዝገብ ታገኛላችሁ። እሱ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በአግባቡ አለመጥፋቱን ነው፤ ምክንያቱን አይነግርም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዊንዶውስ ያስቀይራል። ችግሩ የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከሆነ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ዲዲአር 4 በሚባለው የራም ዓይነት ላይ ፍጥነቱ 3600 ተብሎ ቢጻፍም በዚያ ፍጥነት የሚሠራው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደው ምርጫ) ሲበራ ነው። ቮልቴጁም ብዙ ጊዜ ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ ይላል። ይህ ኦቨርክሎክ (ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማስኬድ) ነው። ራሙ ቢችለው እንኳ ፕሮሰሰሩ ወይም ማዘርቦርዱ ላይችለው ይችላል። አንድ አንድ እያሉ በተለያየ ጊዜ የተገዙ ራሞች አብረው ሲሰኩ ደግሞ ይብሳል። ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ሊለያይ ይችላል። የራሞቹ ብዛትም ለውጥ አለው። ዲዲአር 5 ራም ለሚጠቀመው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ራይዘን 7000፣ አምራቹ ኤኤምዲ ራሱ ያስቀመጠው ፍጥነት ለሁለት ራም 5200፣ ለአራት 3600 ነው። አራት ሰክቶ 6000 ላይ የሚያስኬድ ሰው ስታክ ቢያደርግበት አይገርምም።

ከምንም በፊት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። የተዛባ ራም ሳታውቁት ፋይል ያበላሻል፤ እኔን ከስታኩ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒውን (ኤኤምዲ ላይ ኤክስፖ ሊባል ይችላል) አጥፉና ጥቂት ቀን ሥሩበት። ስታኩ ከቆመ ጥፋተኛው ተገኘ። ባዮሱን አፕዴት አድርጉ፣ ኤክስኤምፒውን መልሱ፣ ፍጥነቱን ብቻ ከ3600 ወደ 3200 አውርዱ። ሜምቴስት 86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን ይፈትሽ። አንዲት ስህተት ብትታይ እንኳ አትለፏት፤ አሁንም ዝቅ አድርጉ። የዊንዶውሱ መፈተሻ "ችግር የለም" ስላለ ብቻ አትመኑት።

ኤክስኤምፒው ጠፍቶም ስህተት ከታየ ራሞቹን አንድ በአንድ፣ አንድ ሶኬት ላይ ብቻ እየሰካችሁ ፈትሹ። ስህተት የሚያወጣው ይቀየር። ለየብቻ ደህና ሆነው አብረው ከተጣሉ አንዱን ጥንድ አውጡ። ሁለት ራም ብቻ ከሆነ በአብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው።

ሜምቴስቱ ንጹሕ ሆኖ፣ ኤክስኤምፒውም ጠፍቶ ስታኩ ከቀጠለ ራሙን ተዉት። ሙቀቱን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ዲስኩን እዩ።