ዕቅዴ ከጥቅምት እንዲያልፍ ያደረገው

ቁጠባ፣ ንባብና ሩጫ ያሉበት የዓመት ዕቅዴ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይከስም ነበር። መፍትሔ የሆነኝ ልማዱን የራሱ ቀን ካለው ነገር ጋር ማሰር ነው። ቁጠባዬን እቁብ አስገባሁት፤ ዳኛው እየሰበሰበ፣ ዕጣ የሚጠብቅ ሰው እያለ ገንዘቡን ለሌላ ማዋል አይታሰብም። የባንክ ደብተሬ ያልቻለውን እቁቡ ቻለው። ዕጣው ሲደርሰኝ የእናቴን ቤት ጣሪያ አስቀየርኩ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ንባቡን ረቡዕና ዓርብ አደረግሁት፤ እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም የምሳ ሰዓቴ ነፃ ነው። ሩጫው ግን የሐምሌን ዝናብና ጭቃ አልተሻገረም። ለክረምት ቤት ውስጥ ገመድ መዝለል ተክቼበታለሁ።

ግምገማው ጳጉሜን ላይ ነው። 5 ቀን አላት፣ በየአራት ዓመቱ 6፤ ለአንድ ልማድ አንድ ቀን እሰጣለሁ። መስከረም 1 ወደ አዲሱ ዕቅድ የሚገባው ግምገማውን ያለፈው ልማድ ብቻ ነው።