ዐረብኛ ለመማር ወደ ካይሮ ለምትሄዱ ተማሪዎች

ዐረብኛ ለመማር ወደ ካይሮ የምትጓዙ ተማሪዎች አስቀድማችሁ እንድታውቁ የምፈልገው፣ በክፍል ውስጥ የምትማሩት ፉስሓ፣ ማለትም የመጽሐፍና የዜና ዐረብኛ፣ በመንገድና በገበያ ከምትሰሙት ዓሚያ እጅግ የተለየ መሆኑን ነው። እኔ «ምን» ለማለት «ማዛ» የሚለውን ቃል ይዤ ስደርስ ሰዉ «ኤህ» ይል ነበር፤ «ጀሚል» ብዬ ያጠናሁት «ገሚል»፣ «ቀህዋ» ያልኩት ቡናም «አህዋ» ሆኖ ጠበቀኝ። ስለዚህ ከፉስሓው ጎን ለጎን በየቀኑ ሁለት ሦስት የዓሚያ ዐረፍተ ነገሮችን አጥንታችሁ በዚያው ዕለት ከባለ ሱቁ ጋር ተነጋገሩባቸው።

አማርኛ ተናጋሪ መሆን በእርግጥ ይጠቅማል፤ ራስ፣ ዐይን፣ ነፍስና ቤት የሚሉት ቃላት በዐረብኛም ዘመዶቻቸው አሉ። አጠራሩ ላይ ግን ይህ ቅርበት ያዘናጋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በእኛ ዘንድ በጽሕፈት ብቻ ሲለያዩ በዐረብኛ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ ትርጉምም ይለውጣሉ። የዐረብኛው ቀ ደግሞ እንደ አማርኛው ጠንክሮ የሚፈነዳ ሳይሆን ከጉሮሮ አቅራቢያ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ በፉስሓ «ቀልብ» ልብ፣ «ከልብ» ደግሞ ውሻ ስለሆነ ልዩነቱን ቸል ማለት አይገባም። መምህራችሁን አስፈቅዳችሁ እነዚህን ጥንድ ቃላት ሲያነብ በስልካችሁ ቅዱ፣ ከዚያም የራሳችሁን ድምፅ ቀድታችሁ ማታ ማታ አስተያዩ።